ያላነበብኩልህ አሥራ አንድ መስመር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ከወሬዬ ቀድሞ ይድረስህ። ወገብህ እንዴት ነው? ሶፋ ስታገላብጥ የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ «ወይኔ እናቴ» እያልክ ነው? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህስ ያን የፈራችውን የሒሳብ ፈተና አለፈች? እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ናፍቆቱ አለኝ፤ ደህንነቱን ግን ከየት ላምጣው? እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት ሊሆነኝ ነው፣ እህልም አይወርድልኝም።

ስልክ ብደውል እንደማታነሳ አውቃለሁ። ይኸው ስምንት ወር አላነሳህም። ባለቤትህ ታነሳና «ሱቅ ነው»፣ «ተኝቷል»፣ «ገላውን እየታጠበ ነው» ትለኛለች። ስምንት ወር ሙሉ ገላውን የታጠበ ሰው አንተን አየሁ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ደግሞ ሳታነበው እንደማትጥለው አውቃለሁ፣ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚታጠፈውን ወረቀት እንኳ እስከ መጨረሻው የምታነብ ሰው ነህ። በሕይወትህ ሳታነብ የፈረምከው አንድ ወረቀት ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም በእኔ ጥፋት ነው። የምጽፍልህ ስለሱ ነው።

ሥራዬን መቼም ወደኸው አታውቅም። «የሰው ቤተሰብ በምን እንደሞተ እየጠየቅሽ ትውያለሽ» እያልክ ስቀህብኛል። እውነትህን ነው፣ ሥራዬ እሱው ነው። የጡት ካንሰር ምርምር ማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የአውቶቡስ ጋራዡን በሚያሳየው መስኮት ሥር አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ። ከፊቴ የሚቀመጠው ዛሬ ዓሣ ሻጭ ነው፣ ነገ ሹፌር፣ ከነገ ወዲያ ልብስ አጣቢ። በዚህ ከተማ የሌለ የሰው ዘር የለምና ፎርማችን በዘጠኝ ቋንቋ ነው የታተመው፤ በዘጠኙም ቋንቋ የሰው አዋሻሸት አንድ ነው። እናትሽ በምን አረፉ? ስላት «ታማ» ትለኛለች። በምን ታመው? ስላት «እንዲያው ታማ» ትላለች። ስሙን ከጠሩት ሰምቶ የሚመጣ ይመስላቸዋል።

የሚነግሩኝን ወረቀት ላይ እስለዋለሁ። ሴት በክብ፣ ወንድ በአራት ማዕዘን ይሳላል። የሞተው ላይ ሰረዝ ይደረግበታል። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ደግሞ ውስጡ በጥቁር ይሞላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ሳጠቁር እውላለሁ ማለት ነው። አንዲት ዓሣ ሻጭ «እናቴን የገደላት አባቴ ነው፤ እሱን ጻፊልኝ» ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ስቃ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ሦስት እህቶቿም እንደ እናታቸው ነበር የሄዱት። አራቱን ክብ ካጠቆርኩ በኋላ ውኃ ቀዳሁላት።

ወንዶቹማ ጭራሽ አይመጡም። «የሴት በሽታ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ቸገረንና የየሰፈሩን ፀጉር አስተካካዮች አሠለጠንን። ምላጭ አንገቱ ላይ ተይዞ «እናትህ በምን ሞቱ?» ሲባል አልናገርም የሚል ወንድ እስካሁን አልገጠመንም። ያም ሆኖ አልበቃንም። ዋናዋ ሐኪም እንደምትለው፣ ስለዚህ በሽታ የተጻፈው መጽሐፍ ሁሉ የተጻፈው በሌሎች ሰዎች ደም ነው፤ እንደኛ ያሉ ቤተሰቦች እዚያ ውስጥ የሉበትም፣ ስለሌሉም ለሌላው የሚሠራው ስሌት ለእኛ አይሠራም። ስለዚህ ወንድም ያላችሁ ወንድማችሁን አምጡ ተባልን። እኔም አንተን አመጣሁ።

ያን ቀን ታስታውሰዋለህ? ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የስፖንጅ ብናኝ ሸሚዝህ ላይ እንዳለ መጣህ። መኪናህን የማይቆምበት ቦታ አቁመህ «ቶሎ በይ፣ ሊያነሱብኝ ነው» እያልክ። ደም የሚቀዳው ባልደረባችን፣ እኛ ትንኝ የምንለው፣ ክንድህን ሲያስርህ «ተቀድመሃል ወንድሜ፤ ሚስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ስትመጠኝ ኖራለች» ብለህ አሳቅኸው። ትንኝ እስከ ዛሬ ያንን ጨዋታህን ያወራዋል። እኔም ባልደረቦቼ ፊት ኮራሁብህ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ «ውጤቴን ማወቅ እፈልጋለሁ» ይላል፣ አንዱ «አልፈልግም»። ከሣጥኖቹ በላይ አሥራ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። ሰውየው አንዱን ሣጥን ከመምረጡ በፊት እኛ ያንን ጽሑፍ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ልናነብለት ግዴታ አለብን። ፊደል ለማያውቀውም ይነበባል፣ ለዩኒቨርሲቲ መምህሩም ይነበባል። ለዓሣ ሻጯ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩላት። ለአንተ አላነበብኩልህም።

እንዴት አድርጌ ላንብብልህ? ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ፣ ጫማዬን ማሰር ያስተማርከኝ አንተ። ወንድም ጋሼን «ቁጭ በልና ላንብብልህ» ማለት አፌን ያዘኝ። አፍሬም ነበር፣ ቸኩለህም ነበር። በጥድፊያ «ውጤቱን ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩህ። «ጡት የለኝ፣ ምን ልወቅ? ክፉ ወሬ ሄጄ የምለቅም ሰው ነኝ እንዴ? አልፈልግም በይበት» አልከኝ። ምልክቱን በገዛ እጄ አደረግኩልህ፤ አንተ ቆመህ ፈረምክና ወደ መኪናህ ሮጥክ። ሁሉ ነገር ከአራት ደቂቃ አልበለጠም።

አሁን ላንብብልህ። በቃሌ ይዤዋለሁ። ይህ ምርመራ የሚመለከተው ደም የሰጠውን ሰው ብቻ አይደለም ይላል። ወንድ ልጅ ራሱ አንድም ቀን ሳይታመም ይህንን ነገር በደሙ ሊሸከመው ይችላል ይላል። ከእናቱ ወርሶ ለልጆቹ ሊያወርስ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፉ ዕድል እኩል በእኩል ነው፣ ሳንቲም እንደመወርወር። ውጤቱን ያወቀ አባት ሴት ልጆቹ ቀድመው እንዲታዩ ማድረግ ይችላል፤ ቀድሞ የተገኘ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይድናል። ይህን ሰምተው ማወቅ አልፈልግም ካሉ መብትዎ ነው፣ ማንም አይነግርዎትም ይላል። ይኸው ነው። አንተ «አልፈልግም» ያልከው ይህን ሳትሰማ ነው።

ደግሞ ስለ ሥራችን አንድ ነገር ልንገርህ። ስለ ሥራ ነው የማወራው፣ ስለ ማንም አይደለም። ከቤተ ሙከራው የሚመጣልን ዝርዝር ስም የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ንጹሕ የሆነ ሰው ቁጥሩ እዚያ ላይ አይወጣም። የሚወጣው ተጠርቶ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያለበት ሰው ብቻ ነው። የእኔ ድርሻ ማስመሪያና እስክሪብቶ ይዤ፣ ማወቅ አልፈልግም ያሉትን ሰዎች ቁጥር ከዝርዝሩ ላይ መሰረዝ ነው። የተሰረዘ አይጠራም። ከዘጠኝ ወር በፊት አንድ ዝርዝር መጣ፤ የሚሰረዙት ስድስት ነበሩ። አምስቱን ወዲያው ሰረዝኩ። ስድስተኛው ላይ ሻዬ ቀዝቅዞ፣ ጋራዡ ውስጥ ያሉት አውቶቡሶች አንድ በአንድ ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ ማስመሪያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሰረዝኩት። የማን ነበር ብለህ አትጠይቀኝ። ለሥራው ምያለሁ፣ ብሞት አልናገርም።

የራሴን ግን መናገር እችላለሁ፣ የራሴ ነውና። እኔም ደም ሰጥቼ ነበር፤ ንጹሕ ነሽ ተባልኩ። ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ እልል ይላል። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ቢገኝብኝ ኖሮ በማግስቱ በርህን አንኳኩቼ «ይኸው እኔ አለብኝ፣ አንተም ታይ፣ ልጆቹም ይታዩ» እልህ ነበር። በሽታው እንኳ ሰበብ ሊሆነኝ አልፈለገም። ምን ዓይነት ዕድል ነው ይሄ?

በዚያው ሰሞን ነው ቤትህ የመጣሁት። ትልቋ ልጅህ፣ ድንቡሼያችን፣ ወልዳ አራተኛ ቀኗ ነበር። ሳሎኑ በሰው ተጨናንቋል፣ ሕፃኑ ከእቅፍ እቅፍ ይዞራል፣ አንተ አዲስ የሠራኸውን ሶፋ ማንም ጭማቂ እንዳያፈስበት ትጠብቃለህ። ወጥ ቤት ጠርቼህ «ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ፣ ነገ ናና ያንን ሣጥን ቀይረው» አልኩህ። ለምን ስትለኝ ለምኑን መናገር አልቻልኩም። አሥራ አንዱን መስመር አላነበብኩልህም ማለትም አልቻልኩም፤ ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም ብዬ «ና» ብቻ አልኩህ። «በልጅ ልጄ ደስታ ላይ ሞት ይዘሽብኝ መጣሽ? ስለ እናታችን ለልጆቼ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እህቴ አይደለሽም» ብለህ ጮህክ። እኔም መቼ አርፌ! «እናቴን ሳልሰናበታት ያስቀበርከኝ አንተ ነህ» አልኩህ። ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ድንቡሼ ከመኝታ ቤት «አባዬ፣ ምንድን ነው?» ስትል «ምንም የለም፣ አክስትሽ ልትሄድ ነው» አልካት። ለተናገርኩት ይቅርታ አልጠይቅህም። ሰው ፊት በመናገሬ ግን ይቅር በለኝ።

ስለ እናታችን ደግሞ አንድ ጊዜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሐኪሙ ለአንተ ብቻ እንደነገረህ አውቃለሁ። ከዶክተሩ ክፍል ስትወጣ ፊትህ አመድ መስሎ «የነርቭ ነው፣ በቫይታሚን ይስተካከላል» አልከን። ሰባት ወር ብቻህን ተሸከምከው፤ ጠላትህ እንኳ ከፍቅር አይደለም አይልህም። አንድ ቀን ደረቷን ሳጥብላት «ልጄ፣ ነርቭ እንዲህ ያቆስላል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጅል «ያቆስላል እማዬ» አልኳት። ቀስ ብላ «እሺ» አለችና ልብሷን ሳበች። ታውቅ እንደነበር የገባኝ እዚህ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው። አንተ ከእሷ ደበቅክ፣ እሷ ለአንተ ብላ ያላወቀች መሰለች፣ እኔ ደግሞ ሁለታችሁንም አምኜ ቫይታሚን እቆጥር ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስዞር የቆየሁት ጨንቆኝ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ድንቡሼ ራሷ «አንቺ ጻፊለት፣ እኔ አፌ አይታዘዝልኝም» ስላለችኝ ነው።

ከስድስት ወር በፊት እኛ ጋ ልትመረመር መጥታ ነበር። ሐሙስ ዕለት፤ እኔ በማዕከሉ መኪና ሰፈር ለሰፈር የምዞርበትን ቀን መርጣ። ከእኔ ጋር እንዳትገናኝ አስምለሃት ስለነበር ቃልህን እየጠበቀች ነው። ሕፃኑን ስታጠባ እጇን የጎረበጣት ነገር ነበር። ፎርሟን የሞላችላት ሌላዋ ባልደረባዬ ናት። በአባትሽ በኩል ይህ በሽታ የነበረበት አለ? ስትባል «ማንም የለም» ብላለች። አያትሽስ? ስትባል «በነርቭ» ብላለች። ፎርሙን አውጥቼ አየሁት፤ እናታችን ነጭ ክብ ሆና፣ ሰረዝ ብቻ ተደርጎባት ተቀምጣለች። ወጣት ናት፣ ታጠባለች፣ በቤተሰቧም ማንም የለም። «ወተት ነው የቋጠረው፣ ከስድስት ወር በኋላ ብቅ በይ» ብለው ሸኟት። ያ ክብ ጥቁር ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት ወደ ውስጥ ያስገቧት ነበር። እኔ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስድስት ወር አልሰማሁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ያለፈው ስድስት ወር ግማሹ የአንተ ነው፣ ግማሹ የእኔ።

ባለፈው ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልትሸሸኝ ፈልጋ መሸሻ አጣች፤ ያቺ ጉንጯ የሞላው ልጅ ሰውነቷ ሁሉ ዓይን ብቻ ሆኖ አየኋት። ውስጥ ገብታ ሁለት ሰዓት ቆየች። ስትወጣ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ምን እንዳሏት ለመጻፍ ፈቃድ አልሰጠችኝም። እሱን ከራሷ ትሰማዋለህ።

በማግስቱ ዋናዋ ሐኪም ቢሮ ገብቼ ያደረግኩትን ተናገርኩ። መነጽሯን አውልቃ «ስንት ሰው ነው ሳታነቢ ያስፈረምሽ?» አለችኝ። «አንድ» አልኳት። «ማንን?» ስትለኝ «ወንድሜን» አልኳት። ከሰኞ ጀምሮ ከሰው ጋር አልሠራም፤ ምድር ቤት ወርጄ ደሙ የሚቀመጥባቸው የበረዶ ሣጥኖች ላይ ቁጥር እለጥፋለሁ። አላዘንኩም፣ ይገባኛል። አንተ ግን የፈረምከው እንዳልተፈረመ ተቆጥሯል። ይጠሩሃል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አሥራ አንዱንም መስመር ያነብልሃል፤ ከዚያ የፈለግኸውን ሣጥን ትመርጣለህ። እባክህ ሂድ። ለእኔ ብለህ አይደለም፤ ትንሿም ልጅህ የአንተው ልጅ ናት።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም፤ ይዛልህ የመጣችው ራሷ ድንቡሼ ናት። አንተ ስታነብ እሷ ፊት ለፊትህ ተቀምጣለች። ሕፃኑን ጡት አስጥላዋለች፤ «ገና በስምንት ወሩ ምን አስቸኮለሽ?» ብለህ እንዳትቆጣት። ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ስለ አያቷ እንደገና ይጠይቋታል። ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚጀምሩላት የሚወስኑት በምትሰጣቸው መልስ ነው። ማክሰኞ ዕለት እኔው ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። «አክስቴ፣ ከአባዬ ጋር ስለተጣላሽ ነው እንዲህ የምትይው። አያቴ የሞተችው በነርቭ ነው። ልጅ ሆኜ ጠይቄው ነግሮኛል፤ አባዬ እኔን አይዋሸኝም» አለችኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ያን ቀን የሰማችው ይበቃት ነበር።

ፈጣሪ አንደበትህን ያበርታልህ። ልጃችንን ለልጇ ያቆይልን። ቤትህን ይጠብቅልህ፣ እጅህን አይያዝብህ፣ እኔንም ይቅር በለኝ።

አሁን ዓይንህን ከወረቀቱ ላይ አንሳ፣ ወንድም ጋሼ። መልስህን እየጠበቀች ነው።

ያሳደግካት ታናሽ እህትህ